ወደ ሰማይ የሄደው ማዳበሪያ

ጂንካ፣ ኅዳር 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደምሰው፣

የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያን ወፍራም ሹራብህን ለዳሰነቹ ሽማግሌ ሰጥተህ ስትሄድ «ትፈልገዋለህ» ብዬህ ነበር፤ መቼም ሰው አትሰማም። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው።

ባለፈው ወረቀትህ «እትዬ የሺመቤት፣ ኦሞራቴን ለምን ለቀው ጂንካ ገቡ?» ብለህ ጠይቀኸኝ፣ ሳልመልስልህ ሁለት ሳምንት አለፈ። ይቅርታህን። እስክሪብቶ ባነሣሁ ቁጥር እጄ ወደ ሌላ ወሬ ይሸሻል። ዛሬ ግን ልንገርህ። ወልደሰማያት ታስሯል። ጥቅምት 9 ቀን ጠዋት ግምጃ ቤቱን ሊከፍት ሲል ቁልፉን ከእጁ ተቀብለው፣ በሩዝ ጣቢያችን መኪና ጭነው እዚህ ጂንካ አመጡት። እኔም በማግስቱ በጨው መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ባሌን ተከተልኩ።

ወንጀሉ ምን መሰለህ? ሩዙ ቢጫ ሆነ። አንተ መስከረም ላይ ተዛውረህ ስትለየን መገርጣት ጀምሮ ነበር፤ በጥቅምት ገለባ መሰለ። ዩሪያው በሙሉ ከግምጃ ቤት ወጥቷል፣ ሩዙ ግን ማዳበሪያ የቀመሰ አይመስልም። መርማሪ ኮሚቴው «የት ገባ?» አለ። ወልደሰማያት «ማሳው ላይ ተበተነ» አለ። «ማሳው አልበላውም፣ አንተ ከድንበር ማዶ ሸጠኸዋል» አሉት። ባዶው ጆንያ ደግሞ በዳሰነቾች ጎጆ ጣሪያ ላይ ተገኘ። እሱ ራሱ ነው የሰጣቸው፤ ዝናብ ሲመጣ እንዲያለብሱበት። አሁን ያ ቸርነት ማስረጃ ሆኖበታል። በዚህ የድርቅ ዓመት፣ በሰሜን ሰው እየረገፈ፣ የሕዝብ ማዳበሪያ ሸጠ የተባለ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃለህ። በወረቀት ላይ አልጽፈውም።

ደምሰው፣ እኔ ያ ማዳበሪያ ሲበተን በዓይኔ አይቻለሁ። አንተም አይተሃል። ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ ሳጥብልህ ምን ትለኝ ነበር? «እትዬ፣ ይህ ጭቃ ሕይወት አለው። በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ሞልተውበታል። ውሃው ሲደርቅና ሲመለስ፣ ሲደርቅና ሲመለስ፣ ማዳበሪያውን ወደ ሰማይ ይልኩታል» አላልከኝም? ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ብለው ሦስት ጊዜ እንግዳ አመጡብን። ሦስቴም ሥራ አስኪያጁ ጓድ ተፈሪ በማሳው በር ላይ ቆመው «የእንግዶቹ ጫማ እንዳይጨቀይ ውሃው ከማሳው ይውጣ» አሉ። የውሃ ተቆጣጣሪው ሻንቆ ከፈተው፤ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ እንግዶቹ ሩዝ መሃል ገብተው ፎቶ ተነሡ፤ ሲሄዱ ውሃው ተመለሰ። ትእዛዙን ስንሰማ አንተም፣ እኔም፣ ወልደሰማያትም፣ ሻንቆም ቆመን ነበር።

ይህን ጽፈህ፣ ማህተም አስመትተህ ላክልኝ። እኔ ስድስተኛ ክፍል የደረስኩ ጠርሙስ አጣቢ ነኝ፤ ማን ይሰማኛል? አንተ ግን የአፈር ባለሙያ ነህ።

እኅትህ የሺመቤት


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 29 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሺመቤት፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ቢሮዬን ቆልፌ ወጥቼ ብዙ ዞርኩ። ጋሼ ወልደሰማያት አንድ ቁራጭ ሲባጎ እንኳ ያለ ፊርማ የማይሰጡ ሰው! ምን ብዬ እንደማጽናናዎት አላውቅም።

ያስታወሱት ሁሉ ትክክል ነው። ኮሚቴው ፊት መናገር ካለብዎት እንዲህ ይበሉ። ጭቃው ውስጥ ሁለት ዓይነት ነፍሳት አሉ። አንደኞቹ አየር የሚወዱ ናቸው፤ መሬቱ ሲደርቅና አየር ሲገባው፣ ከዩሪያው የመጣውን ናይትሮጂን ለውጠው ናይትሬት ያደርጉታል። ሁለተኞቹ አየር በሌለበት መኖር የሚችሉ ናቸው፤ ውሃው ተመልሶ ሲሸፍናቸው በአየር ፋንታ ያንን ናይትሬት ይተነፍሱታል። ያን ጊዜ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ሽታ የለው፣ መልክ የለው። ውሃው ሳይነካ ከላዩ ቢቆይ ኖሮ አብዛኛው ጭቃው ውስጥ ይቀር ነበር። የጎዳን መፈራረቁ ነው።

ኃላፊዬን ስለ ወረቀቱ ጠየቅኋቸው። «በወሬ ላይ ማህተም አላሳርፍም፤ ማስረጃ አምጣ» አሉኝ። ከዚህ ሆኜ ማድረግ አልችልም፤ አፈሩ እዚያ ነው። ስለዚህ እርስዎ ያድርጉት። ከማሳው አፈር ያስመጡ። በሁለት የዘይት ጣሳ ጭቃ አድርገው ያቡኩት፤ ለሁለቱም አንድ አንድ ቁንጥር ዩሪያ ይስጡ። የአንዱ ውሃ ፈጽሞ አይጉደል። ሌላውን ያጠንፍፉት፣ እስኪሰነጠቅ ያድርቁት፣ እንደገና ይሙሉት፤ አራት ጊዜ። ችግኙን የሚተክሉት ከዚያ በኋላ ነው፤ አለዚያ «ውሃ ጠምቶት ነው የገረጣው» ይሉዎታል። የፈራረቀው ጣሳ ሲገረጣ ኮሚቴው በዓይኑ ያያል፤ እኔም በእሱ ላይ ተመሥርቼ እጽፋለሁ።

ስለ እንግዶቹ የጻፉትን አንብቤያለሁ። እሱን በደብዳቤ ባናነሣው ይሻላል።

አክባሪዎ ደምሰው


ጂንካ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደምሰው፣

ሁለተኛው ደብዳቤህ ማክሰኞ በአውሮፕላን ገባ። ማረፊያው ላይ ከብት ሰፍሮ አብራሪው ሦስት ጊዜ ዞረ፤ እኔ ከታች ሆኜ «ደብዳቤዬን ይዞ ሊመለስ ነው» ብዬ ላሞቹን በነጠላዬ እያባረርኩ ነበር። ሰው ሳቀብኝ።

አፈሩ መጥቷል። ያመጣው ሻንቆ ነው። ኤልሳቤጥን፣ ሚስቱን ታውቃታለህ? ከዚህ ቅርብ የገዘር መንደር ልጅ ናት፤ እዚህ ጂንካ ነው የምትኖረው። ሊጠይቃት ሲመጣ መኪናው ላይ ጆንያውን በጭኑ ታቅፎ ሁለት ቀን ተጓዘ። «ለምን ከኋላ አትጥለውም?» ቢሉት «የጋሼ ወልደሰማያት ነፍስ ናት» አላቸው። እኔም «እንግዲያው ከባድ ነፍስ ነው ያለው» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

«ዩሪያውን ከየት ያገኛሉ?» ብለህ ጠይቀሃል። ከአንድ ገበሬ ቁንጥር ለምኜ። የሩዙን ዘርም ሻንቆ በመሐረብ ቋጥሮ ነው ያመጣልኝ።

አንድ ችግር ነበር። ጭቃው ሲቦካ ሸተተ፤ ትሉም፣ አልቅቱም፣ ምኑም ምኑም ወጣ። አከራዬ ወይዘሮ ከበቡሽ አፍንጫዋን ይዛ ብቅ አለችና «የሺመቤት፣ ይሄ ጭቃ ነው ወይስ ሬሳ?» አለችኝ። «ማስረጃ ነው» ብላት «ማስረጃሽ ከቤቴ ይውጣ» አለች። አታስብ፤ መላ አበጅቼለታለሁ። አሁን ምንም አይሸትም። ንጹሕ አድርጌ ይዤዋለሁ፤ አንተ ብታየው ትኮራብኛለህ።

ስለ ወልደሰማያት ጤና ጠይቀሃል። ደህና ነው።

እኅትህ የሺመቤት


ጂንካ፣ የካቲት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለደምሰው፣

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ሰላምታም የምሰጥበት አንጀት የለኝምና ይቅር በለኝ።

ትናንት ጣሳዎቹን ይዤ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ችግኙ ላይ ጨርቅ አልብሼ፣ ኤልሳቤጥ አንዱን እኔ አንዱን ተሸክመን። ሊቀ መንበሩ ገና ሲያዩኝ «እትዬ፣ ምሳችንን አመጡልን?» አሉ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ማስረጃ ነው» አልኩ።

«ማስረጃ በዘይት ጣሳ ሲመጣ ገና አየሁ!»

የጻፍክልኝን ሁሉ አንድም ሳልስት ነገርኳቸው፤ አየር ወዳዶቹን፣ ያለ አየር የሚኖሩትን፣ ናይትሬቱን። አንዱ ማስታወሻ መያዝ ጀምሮ ነበር። «አሁን የደረቀው ጣሳ ገርጥቶ ታያላችሁ» ብዬ ጨርቁን ገለጥኩት። ኤልሳቤጥም የያዘችውን ገለጠች።

ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ያንን ከዚያ በፊትም አይቼዋለሁ ደምሰው፤ ቤት ውስጥ በየጠዋቱ እያየሁ «ዛሬ ይገረጣል፣ ነገ ይገረጣል» ስል ቀኑ ደረሰብኝ። ሰው ፊት ሲሆን ግን፣ ምናልባት በብርሃን ይለያል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ምን ልበልህ፣ ሞኝነት ነው። ሁለቱም እንደ ጎመን ለምልመዋል።

«ታዲያ ሌባው የትኛው ነው?» አሉ አንዱ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቁም። «እርስዎ ራስዎ መሰከሩ» አሉኝ። «ውሃው ደረቀም አልደረቀም፣ ማዳበሪያ ያገኘ ሩዝ ይለመልማል። ስለዚህ የእኛ ሩዝ ማዳበሪያ አላገኘም። ሌላ ምስክር አንፈልግም።» ግንቦት ላይ ፋይሉ ወደ አርባ ምንጭ ይላካል። አርባ ምንጭ ከተላከ ደግሞ ስንቅ ማቀበል እንኳ አይኖርም።

ባሌን በእጄ አሰርኩት። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት? ጣሳውን አጥቤያለሁ፣ ውሃውን ለክቻለሁ፣ አራት ጊዜ አፈራርቄያለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር። በታኅሣሥ «ደህና ነው» ያልኩህ ውሸት ነበር። ያን ጊዜ ሳምባ ምች ይዞት እስረኞች ደግፈው ነበር በመስኮቱ የሚያሳዩኝ። አሁን ተነሥቷል፤ ግን ሱሪው በገመድ ነው የሚቆመው።

የሺመቤት


ጂንካ፣ መጋቢት 5 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደምሰው፣

አዎ፣ ቀቅዬዋለሁ።

እንዴት አወቅህ? ደብዳቤህን እንደከፈትኩ የመጀመሪያው መስመር «አፈሩን ቀቅለውታል?» የሚል ሆኖ ሳየው ወንበር ፈለግሁ። በወይዘሮ ከበቡሽ የልብስ መቀቀያ በርሜል ውስጥ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር፣ በሦስት ሸክም እንጨት። መጀመሪያ እንደ ሾርባ ሸተተ፣ በኋላ ሽታው ጠፋ። ትሉም አልቅቱም ሞተ። እኔም «ንጹሕ ሆነ» አልኩ። ደምሰው፣ አንተ እኮ ነህ! ሦስት ዓመት ሙሉ «እትዬ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ያልተቀቀለ ነገር ንጹሕ አይደለም» እያልክ ጠርሙስ ያስቀቀልከኝ። ጠርሙስ ይቀቀላል አፈር አይቀቀልም አላልከኝም። ሳትለኝ እንዴት ላውቅ?

«ነፍሳቱን በሙሉ ገድለዋቸዋል፤ ማዳበሪያውን ወደ ጋዝ የሚለውጥ ስላልቀረ ነው ሩዙ የለመለመው» ብለሃል። ስንት እንደነበሩም ጽፈህልኛል፤ በአንድ የሻይ ማንኪያ ያን ሁሉ! አምላክ ይቅር ይበለኝ። ግን ደግሞ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ነገሩ ገባኝ፤ አንተም ከገጹ በታች ጽፈኸዋል። ስሕተቴ ራሱ ምስክር ነው። የሞተው ጭቃ ማዳበሪያውን ያዘ። ሕያው የሆነው ካልያዘ፣ የወሰዱት ነፍሳቱ ናቸው ማለት ነው። ወልደሰማያት አይደለም።

ስለዚህ እንዳልከኝ ሦስት ጣሳ ይሆናል፤ ሕያው ሆኖ ውሃ ያልተለየው፣ ሕያው ሆኖ የተፈራረቀ፣ ተቀቅሎ የተፈራረቀ። ለወይዘሮ ከበቡሽ ሽታውን ተንበርክኬ ነገርኳት። «እሺ፣ ባልሽ እስኪፈታ አፍንጫዬን እይዛለሁ» አለች። ደግ ሴት ናት፤ አፏ ነው።

አፈሩን አሁንም ያመጣው ሻንቆ ነው። ቱርሚ ላይ ወንዙ ሞልቶ መኪናው ሲቆም ጆንያውን በራሱ ተሸክሞ ተሻገረ፤ ከዚያ ማዶ ሌላ መኪና እስኪያገኝ በእግሩ ሄደ። እግሩ ቆስሎ ነበር የደረሰው። «ሻንቆ፣ ውለታህን በምን እከፍላለሁ?» ብለው «እትዬ፣ ውሃውን የከፈትኩት እኔ አይደለሁ? እጄ አለበት» አለኝ። «አንተ ምን አደረግህ፣ ታዘህ ነው» ብዬ ተቆጣሁት።

እኅትህ የሺመቤት


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሺመቤት፣

ሚያዝያ 22 የጻፉትን አንብቤ ብቻዬን ቢሮ ውስጥ አጨበጨብኩ። ውሃ ያልተለየው አረንጓዴ፣ የተፈራረቀው ገለባ፣ የተቀቀለው አረንጓዴ! የላኩት የደረቀ ቅጠልም ሳይሰበር ደርሷል፤ ሦስቱን ለኃላፊዬ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና ማህተሙን አነሡ።

ወረቀቱ ከዚህ ጋር ነው። ዋናው ቃል እንዲህ ይላል፦ «የማዳበሪያው መጥፋት በስርቆት ሳይሆን፣ በውሃ ቁጥጥር ጉድለት ማሳው በተደጋጋሚ በመድረቁና በመጥለቅለቁ፣ በአፈር ውስጥ በሚገኙ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ወደ ጋዝነት ተለውጦ በመውጣቱ ነው።» ለኮሚቴው ይህ ይበቃል። እባክዎን ሌላ ነገር አይጨምሩበት። ስለ በዓሉም ስለ እንግዶቹም በቃልዎ እንኳ አያንሡ።

እኔም አንድ ዜና አለኝ፤ ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ልሄድ ነው፤ ስለ ሩዝ ማሳ ነፍሳት። ወረቀቴ ገና በብዙ ቢሮ ማለፍ አለበት። ይጸልዩልኝ።

አክባሪዎ ደምሰው


ጂንካ፣ ግንቦት 21 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደምሰው፣

ወልደሰማያት ተፈቷል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሰባት ወር ጠብቄያለሁ፤ ስለዚህ ደግሜ ልጻፈው። ወልደሰማያት ተፈቷል። እጅህን እንደሳምኩት ቁጠረው። ትምህርትህንም እግዚአብሔር ያቃናልህ።

ቀጥሎ ያለውን ግን አንተም እንደ እኔ ቁጭ ብለህ ስማ።

ማክሰኞ ዕለት ሦስቱን ጣሳና ወረቀትህን ይዘን ገባን። ሊቀ መንበሩ ጣሳዎቹን ቀርበው አዩ፣ ቅጠሉን በጣታቸው ነኩት፣ የተቀቀለውን አሸተቱት። ማንም አልሳቀም። ወረቀቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «ስርቆት የለም» አሉ። ወልደሰማያትን አስጠርተው «ሂድ» አሉት። ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አነሡና «በውሃ ቁጥጥር ጉድለት ይላል። የውሃ ተቆጣጣሪው ማነው?» አሉ።

ሻንቆ በር ላይ ነበር። የወልደሰማያትን ብርድ ልብስና ምንጣፍ ሊሸከምለት ነው የመጣው። ሲጠሩት ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።

«ውሃውን የምትከፍትና የምትዘጋ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ፤ ሥራውን እንደሚወድ ሰው፣ ቀና ብሎ።

«ማሳውን ማን አድርቅ አለህ?»

«ሥራ አስኪያጁ፣ ጓድ ተፈሪ። እንግዳ ሲመጣ።»

«የታዘዝክበት ወረቀት አለህ?»

«በቃል ነው የሚነግሩኝ።»

«ጓድ ተፈሪን የሚያህል ሰው የመንግሥት ሩዝ አድርቅ ይላል? በአብዮቱ በዓል ሰሞን ሆን ብለህ አጥፍተሃል።» ቃሉን ታውቀዋለህ፤ አሻጥር። ምንጣፉ ገና በብብቱ ነበር። ከነምንጣፉ ወሰዱት።

እኔ ምን አልኩ? ምንም። አፌን ከፍቼ ወልደሰማያትን አየሁት፤ ከሱሪው ገመድ ውጪ ሌላ ነገር አልታየኝም። «ሌላ ነገር አይጨምሩ» ያልከኝን እንደ ምክንያት ይዤ ዝም አልኩ። ኤልሳቤጥ ውጪ አብራን ልትደሰት ቆማ ነበር። ወልደሰማያት ሲወጣ እልልታዋን ጀመረች፣ ከኋላው ባሏ በወታደር ተይዞ ሲመጣ አየችው። እልልታው መሃል ላይ ነው የቆመው።

ደምሰው፣ አሁን ሁለተኛ ወረቀት እፈልጋለሁ። ውሃው በማን ትእዛዝ እንደደረቀ። አንተ በቦታው ነበርክ። የመጀመሪያው ወረቀት ውሸት የለበትም፤ ግን ግማሹን ነው የተናገረው፣ በቀረው ግማሽ ሰው ታሰረ። ከመሄድህ በፊት፣ እባክህ።

እኅትህ የሺመቤት


ጂንካ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለደምሰው፣

ባለ አራት መስመሩ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ይህ የእኔ ወረቀት ሲደርስ ምናልባት አገር ውስጥ አትሆንም፤ ቢሆንም ልጻፈው፤ መጻፍ ለምዶብኛል።

ጓድ ተፈሪ አሁን ከፍ ያለ ቦታ እንደ ተሾሙ አላውቅም ነበር። ስማቸውን ጽፈህ ብትሰጠኝ የአንተም ጉዞ፣ የእናትህም ቤት ምን እንደሚሆን ነግረኸኛል። እሺ። አልፈርድብህም ልልህ ፈልጌ ነበር፤ ግን እፈርድብሃለሁ፤ ትንሽ። ከዚያ ደግሞ ራሴን አስባለሁ፤ በዚያ ቀን አፌን ከፍቼ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤዎችህን «ያቃጥሉ» ብለሃል። አላቃጠልኩም፤ ለማንም ግን አልሰጥም። በእኔ በኩል አትፍራ።

የወልደሰማያትን ልንገርህ። ከተፈታ በኋላ ሰው አልሆነም። ቆሞ ይበላል፤ በሩ አጠገብ ይተኛል። ሳወራው «እም» ይላል። እኔም «ጊዜ ይፈልጋል» እያልኩ ለሁለታችን ብቻዬን ሳወራ ከረምኩ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ ኮቱን ሲለብስ አየሁት።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ወደ ኮሚቴው።»

«የረሳኸው ነገር አለ?»

«አለ።»

ገባኝ። በሩ ላይ ቆምኩበት። «ወልደሰማያት፣ አምስት ወር ጭቃ ያቦካሁት ለዚህ ነው? ትሉን በእጄ የለቀምኩት፣ ሰው መሳቂያ የሆንኩት?» አልኩት። ጮኼም ይሆናል፤ ወይዘሮ ከበቡሽ ብቅ ብላ ተመልሳለች።

ከሐምሌ ብርድ ይልቅ የቀዘቀዘ ድምፅ ነበረው። «የሺ፣ ሻንቆን ያስገቡት እኔ በተኛሁበት ቦታ ነው። ግድግዳው ላይ ቀን የቆጠርኩበት ጭረት አለ። እሱ ከእኔ ጭረት ቀጥሎ እየጫረ ነው» አለኝ። ከዚያ በእጁ ከበሩ ገለል አደረገኝ፤ በኃይል አይደለም።

ገብቶ «ትእዛዙን ጓድ ተፈሪ ሲሰጡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አላቸው። አላስወጡትም። «መጀመሪያ ዝም ብለህ አሁን የተናገርከው ከአሻጥረኛው ጋር ተመካክረህ ነው» ብለውታል። ፋይላቸው አንድ ላይ ታስሯል፤ በነሐሴ አርባ ምንጭ ይላካል ይባላል። አሁን ሁለቱ አንድ ክፍል ናቸው። ኤልሳቤጥ ቆጮና ጎደሬ ከገዘር ታመጣለች፣ እኔ እሠራለሁ፣ በአንድ ሳህን ነው የምናስገባላቸው።

ሦስት ቀን በወልደሰማያት ተናደድኩ። በአራተኛው ቀን ንዴቱን ብፈልገው አጣሁት።

ነገ ጠዋት እኔም ወደ ኮሚቴው እሄዳለሁ። ስለ ነፍሳቱ አይደለም፤ እሱን ተናግረናል። ስለ ሰዎቹ ነው። ማሳው በር ላይ ቆሜ የሰማሁትን፣ ማን እንዳለው፣ ስንት ጊዜ እንዳለው። አልፈራም አልልህም። አንተ እንደነበርክ ከጠየቁኝ «አላየሁትም» እላለሁ። አንድ ውሸት ይቅር ይባልልኛል መሰለኝ።

እኔንም ካላስወጡኝ ሳህኑን የምታደርሰው እሷ ናትና ዛሬ ኤልሳቤጥን አስቀምጬ ሁሉን ነገርኳት። የትኛው ጠባቂ ምግቡን በእንጨት እንደሚወጋ፣ የትኛው ፊቱን እንደሚያዞር፤ ረቡዕና ዓርብ ወልደሰማያት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማይቀምስ፤ ሳህኑ ባዶ ሲመለስ ከታች ወረቀት ተለጥፎ እንደሆነ በጣት መዳበስ እንዳለባት። እየሰማች በጣቷ ትቆጥር ነበር። ስጨርስ ቀና ብላ «ለእርስዎስ ምን ላምጣ?» አለችኝ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር።

«ያለውን» አልኳት።

እኅትህ የሺመቤት